ዝገቱ ያለው ከእጥፋቱ ውስጥ ነው፦ ስለ መኪና በር ዝገት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ አዳማ በጋራዥ ሠራተኞችና በባለመኪኖች ዘንድ ሲነበብና ሲወደስ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ጽሑፉ የመኪና በር የታችኛው ጠርዝ ሲዝግ ከቀለም በፊት ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ሲሆን፣ ጸሐፊው ሥራው በሩ ሳይወርድ፣ በአንድ ቀን፣ በአነስተኛ ወጪ ሊጠናቀቅ እንደሚችል ይናገራሉ። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የጠርዝ ዝገት የሚነሣው ከውጭ፣ ቀለሙ ከተላጠበት ቦታ ነው፤ አዳማ ደረቅና ሞቃት ስለሆነች ዝገቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ የዝገት ማጥፊያ አሲድ ወደ መገጣጠሚያው ማፍሰስ፣ አሲዱ ሲደርቅ መገጣጠሚያውንና ከበሩ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በሲሊኮን መድፈን፣ በበሩ ሆድ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት መርጨት፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞልቶ መቀባት ይበቃል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ አጻጻፋቸው ግን የቀለም መርጫ በእጃቸው ይዘው የሠሩ ሰው መሆናቸውን ይመሰክራል። እኔም በዚህችው ከተማ ለብዙ ዓመታት መኪና ስቀባ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ከሚመክሯቸው ነገሮች ከግማሽ የማያንሱትን በወጣትነቴ አድርጌያቸው ውጤታቸውን አይቻለሁ። ምላሽ ለመስጠት የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነጥቦቹን እርሳቸው ባስቀመጡበት ቅደም ተከተል እከተላለሁ፤ ሁሉም ግን እኩል ክብደት ስለሌላቸው በአንዳንዶቹ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ዝገቱ ከውጭ ይነሣል የሚለው አባባል የቀሪው ምክር ሁሉ መሠረት ስለሆነ ከእርሱ መጀመር ይገባል። የመኪና በር አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ከውጭ የሚታየን ቆዳ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ላሜራ ሲሆን፣ ፋብሪካው ልብስ ሰፊ የቀሚስን ጠርዝ እንደሚዘመዝመው ሁሉ የላሜራውን ዳር ዙሪያውን አጥፎ የውስጠኛውን የበር አካል ጫፍ ያስነክሰዋል። በዚህ እጥፋት ውስጥ ሦስት የላሜራ ንብርብሮች ተጣብቀው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ብርጭቆ ወረቀት ቀርቶ ምላጭ እንኳ የማያስገባ ነው። ፋብሪካው አካሉን በሙሉ የዝገት መከላከያ ገንዳ ውስጥ ነክሮ በምድጃ ቢጋግረውም፣ ፈሳሹ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ቢኖር ይኸው የተነከሰ እጥፋት ነው፤ ስለዚህም ቦታውን በማጣበቂያና በማሸጊያ ሊያግዘው ይሞክራል። ማሸጊያው ከዓመታት በኋላ ሲሰነጠቅ ውሃ መግቢያ ያገኛል።

ውሃው የሚመጣው ደግሞ ከላይ ነው። መስታወቱ ወደ በሩ ሆድ በሚወርድበት ቦታ ያለው ጎማ አብዛኛውን ውሃ ቢጠርግም ሁሉንም አያስቀርም፤ መኪናውን የሠሩት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ወደ ውስጥ የገባው ውሃ እንዲወጣ ከበሩ ሥር ቀዳዳዎች ትተዋል። ቀዳዳዎቹ በአፈር ሲደፈኑ ውሃው ከእጥፋቱ ላይ ይተኛል፤ ቀስ በቀስም ወደ ንብርብሮቹ ይሰርጋል። በጠባብ ክፍተት ውስጥ የገባ ውሃ ከውጭው አየር ጋር ስለማይገናኝ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ኦክሲጅን ባነሰበትና በበዛበት ቦታ መካከል በሚፈጠረው ልዩነት የተነሣም የሚበላው ብረት ኦክሲጅን ያነሰበት፣ ማለትም የተደበቀው ክፍል ነው። አየር ያላገኘ ብረት አይዝግም ብለን የተማርን ሰዎች ይህ ሊያስገርመን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ተደራርበው የተቀመጡ ሁለት እርጥብ ላሜራዎችን ከወራት በኋላ የለያየ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል።

ለዚህ ማስረጃ ከራሱ ከበሩ የተሻለ ምስክር የለም። በብዙ መኪኖች ላይ ጠርዙ አብጦ ቀለሙ ግን ሳይላጥ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይታያል። ዝገቱ ቀለም ከተላጠበት ቦታ የተነሣ ቢሆን ኖሮ መላጡ መቅደም፣ ማበጡ መከተል ነበረበት። ዝገት ከተሠራበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ከውስጥ ሆኖ እጥፋቱን ይገፋዋል፣ ይከፍተዋል፣ በመጨረሻም ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። እኛ ስንጥቁን ስናይ ሥራው ካለቀ ቆይቷል። እርግጥ ነው፣ በኮፈን (በሞተር ክዳን) ፊትና በፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ባለው ሽፋን) ላይ ጠጠር መትቶት የሚጀምር ዝገት አለ፤ ጸሐፊው ያቀረቡት ገለጻም ለእነዚያ ቦታዎች ትክክል ነው። ስሕተቱ የኮፈንን ሕግ በበር ላይ መጫናቸው ነው።

ስለ አዳማ አየር የተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ብዙም ሳትርቅ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተቀመጠች፣ በጋዋ ረጅምና ሞቃት የሆነ ከተማ ናት፤ እዚሁ ተገዝቶ፣ እዚሁ ታጥቦ፣ እዚሁ የቆመ መኪና በባሕር ዳርቻ ካለ መኪና ያነሰ እንደሚዝግም አልክድም። ነገር ግን ብረት የሚዝገው በቀትር ሙቀት አይደለም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የዝገቱ ፍጥነት ይጨምራል፤ በክረምት ሌሊትና በማለዳ ደግሞ ይህ መጠን በቀላሉ ይታለፋል። በተጨማሪም ቀን የሞቀ በር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ጤዛ ይጥላል፤ ዝናብ ባይኖርም ውሃ አለ ማለት ነው።

ከጤዛውም የሚብሰው አቧራው ነው። ከከተማዋ ዳር በጉብታዎቹ ላይ የተተከሉትን፣ 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ነፋስ ለመኪና ቀለም ቀቢ ጠላቱ መሆኑን ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቃሉ። ያ ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አፈር በመስታወቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ሆድ ገብቶ ከሥር ይከማቻል፤ ከዚያ መኪናው ላቫጆ ገብቶ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ በጠርዙና በመስታወቱ ላይ ሲለቀቅበት አፈሩ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ለቀናት እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ሲደርቅም እንደ ሸክላ ጠንክሮ ቀዳዳውን ይደፍናል። የበራቸው ሆድ ሲከፈት ከእጥፋቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል የደረቀ ጭቃ የተገኘባቸው መኪኖች በእጄ አልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው መኪናቸውን በየሳምንቱ የሚያሳጥቡ ጠንቃቆች ነበሩ።

በዚህ ላይ የአዳማ መኪና ሁሉ የአዳማን አየር ብቻ የሚቀምስ አይደለም። ከተማዋ በጅቡቲ መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በየጋራዦቻችን ከሚቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ በወደብ አየር ውስጥ ከርመው የመጡ፣ ወይም በመተሐራ በኩል ጨዋማውን የበሰቃ ሐይቅ እየታከኩ የሚመላለሱ ናቸው። ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የገቡትም በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ ሲነዱ የኖሩ ይሆናሉ። ጨው አንዴ ከእጥፋቱ ውስጥ ከገባ ከአየሩ ላይ እርጥበት እየሳበ ይቀመጣል፤ ንጹሕ ብረት ደርቆ በሚውልበት አየር ውስጥ ጨው ያለበት ብረት እርጥብ ነው። ስለዚህ «ደረቅ ከተማ» የሚለው ማጽናኛ የመኪናውን የኋላ ታሪክ ለማያውቅ ሰው አይሠራም፤ እዚህ ያለን አብዛኞቻችን ደግሞ የመኪናችንን የኋላ ታሪክ አናውቅም።

አሁን ወደ አሲዱ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ጉዳት ያለው ምክር ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊው የዝገት ማጥፊያው «ዝገቱን መልሶ ብረት ያደርገዋል» ብለዋል። አያደርገውም። በእነዚህ ፈሳሾች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፎስፎሪክ አሲድ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ታኒክ አሲድ ያለባቸው ደግሞ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ውሁድ ይለውጡታል። ሁለቱም ከዝገት የተሻለ የረጋ ነገር ይሰጣሉ፣ የተበላውን ብረት ግን አይመልሱም። ለውጡም የሚደርሰው ላይኛው ስስ ንብርብር ላይ ብቻ ነው፤ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቶ ከሆነ ላዩ ጠቁሮ ሥሩ እንደነበረ ይቀራል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ቅርፊቱን በብረት መሮና በግራይንደር አንሥተን፣ አሲዱን ቀብተን፣ በውሃ አጥበን፣ አድርቀን እንቀጥላለን።

ችግሩ እጥፋት ውስጥ የፈሰሰ አሲድ አለመታጠቡ ነው። ሳይሠራ የተረፈው አሲድ ከንብርብሮቹ መካከል ይቀራል። ቆይቶ እርጥበት ሲያገኝ ጤነኛውን ብረት መብላት ይቀጥላል፤ ከዚህም በላይ በላዩ የሚቀባውን ኤፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያው (ከሃርድነሩ) ጋር ተደባልቆ ከቀለም በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባውን መከላከያ (ፕራይመር) ያበላሻል። የኤፖክሲ ሃርድነር በአብዛኛው አሚን የተባለ የኬሚካል ወገን ነው፤ አሚን ደግሞ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ከአሲዱ ጋር ይጣመርና ለኤፖክሲው የሚተርፈው ያንሳል። ውጤቱ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ብረቱን በቅጡ ያልያዘ ፕራይመር ነው። ቀለም ቀቢው ሃርድነሩ ተበላሽቶብኝ ነው ብሎ ሻጩን ይከሳል፤ እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ ከስሻለሁ።

ጸሐፊው «አሲድ» ብለው ብቻ ማለፋቸው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በእኛ ሠፈር አሲድ ሲባል የባትሪ አሲድ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ማጽጃው በአብዛኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ሲሆን፣ ዝገቱን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያስለቅቅ ዓይንን ያስደስታል፤ ነገር ግን ክሎራይድ ትቶ ይሄዳል። ክሎራይድ ማለት በምግብ ጨው ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ብረቱ ገና ከግማሽ ቀን በኋላ ብጫ ሆኖ ያድራል። ሰው ጨውን ከእጥፋት ለማውጣት ሲደክም እዚያው ጨው አምጥቶ ማፍሰስ ምን ይባላል?

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ መልሴ የሚጀምረው ጸሐፊው ከማይወዱት ቦታ፣ በሩን ከማውረድ ነው። የማጠፊያዎቹን ቦታ በጭረት ምልክት አድርጎ ብሎኖቹን መፍታት ለሁለት ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የውስጡ ሽፋንና ከበስተኋላው ያለው ናይለን ይነሣል፤ ናይለኑ በጥንቃቄ ይቀመጥ፣ መስታወት ማውጫ ሠሪዎች ቀድደው የሚጥሉት ይህ ናይለን ውሃው ወደ መቀመጫው ክፍል እንዳይገባ የሚከላከል ነውና። ከዚያ የበሩ ሆድ በሞቀ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ቀዳዳዎቹ በሽቦ ይከፈታሉ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስም እጥበቱ አይቆምም። የተሰነጠቀው አሮጌ ማሸጊያ በሙሉ ይፋቃል። ቅርፊት የሠራው ዝገት በጠባብ መሮ ወይም በተሳለ ካቻቢቴ ይነሣል፤ ቀጥሎ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። የሽቦ ብሩሽ ብቻውን ዝገቱን አንጸባራቂ አድርጎ ያታልላል እንጂ አያወጣውም፤ በግፊት የሚረጭ አሸዋ ደግሞ በዚህ ስስ ላሜራ ላይ ቆዳውን ያጣምማል፣ ፍሬዎቹም ከእጥፋቱ ውስጥ ተቀርቅረው ይቀራሉ።

ማድረቁ ላይ ነው እንግዲህ የአዳማ ፀሐይ የምትጠቅመን። እጥፋቱ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፤ ከዚያ በሩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እንደገና ይነፋል። አየር ሲነፋበት ጠብታ ወይም እርጥብ አቧራ የሚተፋ እጥፋት ገና አልደረቀም። ቸኩሎ በሙቀት መንፊያ መርዳት ይቻላል፤ ሆኖም ከውጭ በኩል ያለው ጥሩ ቀለም እንዳይነፋ መጠንቀቅ ያሻል። ኮምፕሬሰሩ ራሱ ውሃ የሚተፋ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሆነ በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ጠዋት ማፍሰስ አይረሳ።

የደረቀው በር እጥፋቱ ወደ ላይ እንዲከፈት ተደርጎ ይጋደማል። ኤፖክሲ ፕራይመር አምራቹ በሚፈቅደው ልክ በቲነር ቀጥኖ በሲሪንጅ ወይም በቀጭን ብሩሽ በእጥፋቱ አፍ ላይ ይሰጣል፤ የኩራዝ ክር ነጭ ጋዝ እንደሚስበው ጠባቡ ክፍተት ራሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በሩ እንደተሰቀለ ቢሆን ኖሮ ይኸው ፈሳሽ ወደ ታች ተንጠባጥቦ ይጠፋ ነበር። መሳቡን ሲያቆም ትርፉ ይጠረጋል፣ በማግሥቱም ያልቀጠነ ኤፖክሲ በጠርዙ ሁሉ ላይ ሁለት እጅ ይቀባል። ብረቱ ጤዛ ከሚጥልበት የሙቀት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ በክረምት ማለዳ ላይ የሚቀባ ሰው ይህን ካልጠበቀ በማይታይ ውሃ ላይ እየቀባ ነው። በበጋ ግን የከሰዓቱ ነፋስ አቧራ ሳያነሣ ጠዋት መቀባት የሁላችንም ልማድ ነው፣ ትክክልም ነው።

በዚህ መንገድ የተሠራ በር ፈጽሞ አይዝግም ብዬ አልዋሽም። እጥፋቱ ተከፍቶ እያንዳንዱ ንብርብር ካልጸዳ በስተቀር ከውስጥ የሚቀር ዝገት ይኖራል፤ ኤፖክሲው የሚያደርገው ውሃና ኦክሲጅን እንዳይደርሱት ማድረግና ዕድሜውን በዓመታት ማራዘም ነው። ጠርዙ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አያድነውም፤ ቦታው ተቆርጦ በባትላሜራ ባለሙያ አዲስ ላሜራ ሊገባለት፣ ወይም የበሩ ቆዳ በሙሉ ሊቀየር ይገባል። ጸሐፊው በሩን በየምክንያቱ እንቀይር የሚሉ ጋራዦችን መተቸታቸው ግን ተገቢ ነው፤ ከላይ ብቻ ያበጠ በር አይጣልም።

ሲሊኮኑን በተመለከተ ሁለት ስሕተቶች በአንድ ላይ ተደርበዋል። በየሱቁ የሚገኘው፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቅቃል፤ ሽታው ራሱ ያው አሲድ ነው። ባዶ ብረት ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ ዝገት ይጀምራል። ከዚህም ሌላ ቀለም በሲሊኮን ላይ አይጣበቅም፤ በጨርቅ ወይም በእጅ የተነካ ጥቂት ሲሊኮን እንኳ በአጠገቡ ባለው ቀለም ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ጉድጓዶች ይፈጥራል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በፖሊዩሬታን የተሠራ፣ ቀለም የሚቀበል የመኪና ማሸጊያ ነው፤ የሚደረገውም ባዶ ብረት ላይ ሳይሆን በደረቀ ኤፖክሲ ላይ ነው። ይህ ማሸጊያ የሚጠነክረው ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ በእኛ ደረቅ በጋ ይዘገያል፤ ላዩን ነክቶ ደረቀ ብሎ የሚቸኩል ቀቢ ቀለሙ ኋላ ይሰነጠቅበታል። የአዳማ ደረቅነት ለሥራው እንቅፋት የሚሆንበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ቀዳዳዎቹን መድፈን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያለውን የአንድ ሚኒባስ ተንሸራታች በር ስሠራ፣ ውሃ እንዳይገባ ብዬ ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ አንድ ሳላስቀር ደፈንኳቸው። ሥራው ያማረ ነበር፤ ባለቤቱም ከዋጋው በላይ ጨምረው ሰጡኝ። ክረምቱ ሲያልቅ ሾፌሩ ተመልሶ መጣና ምንም ሳይናገር በሩን ወዲያና ወዲህ ገፋው። በሆዱ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ ስከፍታቸው የወረደው ቀይ ውሃ ባልዲ ሞላ፤ እጥፋቱም ከዳር እስከ ዳር ተበልቶ ነበር። በሩን በራሴ ወጪ ቀየርኩት። ውሃ ከላይ መግባቱን ማስቀረት ስለማይቻል ከታች መውጫውን የዘጋ ሰው በሩን ጋን አድርጎታል።

ስቱኮን በዝገት ላይ ስለመሙላት ብዙ የምለው የለኝም። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ቦታው ኤፖክሲ ላይ ነው፣ መጠኑም ስስ ይሁን። ጠርዙን በስቱኮ መቅረጽ የሚፈልግ ደግሞ በሩ በተዘጋ ቁጥር የሚደርስበትን ንዝረት ያስብ፣ ጥቂት ወራት አይቆይም።

የተቃጠለው ዘይት ምክር ከአባቶቻችን የወረስነው ስለሆነ በአክብሮት ልመልሰው። ዘይት ብረትን ከውሃ ይለያል፣ ይህ እውነት ነው፤ የድሮ ጭነት መኪኖች ሻንሲያቸው ዘይት ጠጥቶ ብዙ ዘመን ኖሯል። ነገር ግን ከሞተር የወጣ ዘይት ከነዳጁ ቃጠሎ የመጡ አሲዶችን የያዘ፣ ጎማን የሚያለሰልስ፣ በቆዳ ላይ ሲደጋገምም ለካንሰር የሚያጋልጥ ነው። ከሁሉም በላይ ጸሐፊው ዘይቱን ከቀለም በፊት እንዲረጭ ማለታቸው አስደንቆኛል። ምክንያታቸው የተቀባው በር እንዳይቆሽሽ ነው። ዘይት ግን በተቀመጠበት አይቀመጥም፤ ኤፖክሲን ወደ ውስጥ የሚስበው ያው ጠባብ ክፍተት ዘይቱን ወደ ውጭ ይስበዋል፣ በሩ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቀጥኖ በእጥፋቱ አፍ ይወጣል። ያን ጊዜ ፕራይመርም ማሸጊያም ቀለምም የሚያርፉት በቅባት ላይ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ሰም ያለበት የውስጥ መከላከያ አለ፤ ቀለሙ በደንብ ከጠነከረ በኋላ በበሩ ሆድ ውስጥ ይረጫል። የማይገኝ ወይም የማይቀመስ ከሆነ ያልተሠራበት ወፍራም ዘይት ከተቃጠለው ይሻላል፤ ሁለቱም ግን ከቀለም በኋላ ናቸው፣ ከተረጩም በኋላ ቀዳዳዎቹ በሽቦ ዳግመኛ ይከፈቱ።

በአንድ ጉዳይ ላይ ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቀለም ቀቢዎች አፋቸውን በሻርፕ ብቻ ጠምጥመው እንዳይሠሩ አስጠንቅቀዋል። ከሃርድነር ጋር ተደባልቆ በሚረጭ ቀለም (ሁለት አካል ቀለም) ሃርድነር ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ለአስም የሚዳርግ ሲሆን ሻርፕ አያቆመውም፣ ተራ የአቧራ ጭንብልም አያቆመውም።

የቀረው የአንድ ቀኑ ነገር ነው። ጸሐፊው ደንበኛ አይታገሥም ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ የፋሲካ ሰሞን «ለበዓል ይድረስልኝ» የማይል ባለመኪና አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ግብሩን ካከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው ቶዮታ ዲኤክስም ሆነ ቪትዝ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በሩን ማውረድ፣ ማጠብና ማድረቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። የቀጠነው ኤፖክሲ አንድ ሌሊት፣ ወፍራሙ ኤፖክሲ ሌላ አንድ ሌሊት ይጠይቃል፤ ማሸጊያው፣ ስቱኮውና ፊለሩ (ከቀለም በፊት የሚረጨው ማለስለሻ) አራተኛውን ቀን ይወስዳሉ፤ ቀለሙ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ይመጣል። ከእነዚህ ቀናት አብዛኛው የእጅ ሥራ ሳይሆን መጠበቅ ስለሆነ ቀቢው በመካከሉ ሌላ መኪና ይሠራል፤ የሰዓት ዋጋውም ጸሐፊው እንደፈሩት አምስት እጥፍ አይሆንም።

ደንበኛውም መኪናውን ሲረከብ የቀለሙን ንጸባረቅ ከማየቱ በፊት አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ በመስታወቱ ጎማ በኩል ቀስ ብሎ ያፍስስና ከበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ይመልከት። ውሃው በየቀዳዳው ወዲያው ጠርቶ ከወረደ ሒሳቡን ይክፈል፤ ካልወረደ ወይም ቀይ ሆኖ ከወረደ ቁልፉን ለቀቢው ይመልስለት።